አልፈታም ያለ የፊት ስፕሮኬት ዳዶ፦ ዘንጉን ሳይጎዱ እንዴት ይፈታል?

የሞተር ሳይክል ሰንሰለትና ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ የፊቱ ስፕሮኬት ዳዶ እሺ ካለ። እምቢ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መፍቻ ይሰበራል፣ የዳዶው ጠርዝ ይበላል፣ በመጨረሻም ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «መዶሻ አምጡ!» ይላል። ከመዶሻው በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ይህን ዳዶ ለመፍታት ጉልበት አያንስም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢቆም ዳዶው ላይ ወደ 690 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ያሳርፋል። ይህ ለየትኛውም ስፕሮኬት ከበቂ በላይ ነው። የሚያንሰው ስፕሮኬቱ አብሮ እንዳይዞር የሚይዝ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከመፍቻው ይልቅ ስለ አያያዙ ብዙ አወራለሁ።

የናንተ የትኛው ዓይነት ነው?

የፊት ስፕሮኬት ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በሚወጣ ባለ ጥርስ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። የሚታሰርበት መንገድ ግን ከሞተር ሞተር ይለያያል። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ባሉ ትናንሽ ሞተሮች ላይ አንድ ስስ ሳህን በሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይይዘዋል። ብሎኖቹ በ10 ቁጥር ይፈታሉ፣ ሳህኑ ትንሽ ዞሮ ይወጣል፣ አለቀ። ብዙ የሆንዳ ሞተሮች ደግሞ ከመሃል አንድ ብሎንና ወፍራም ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባ ቀለበት) አላቸው። እነዚህም ብዙ አያስቸግሩም።

የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ዘንጉ ራሱ እንደ ብሎን ፊሌቶ (ጥምዝ መስመር) አለው፣ ከላዩ አንድ ትልቅ ዳዶ ይጠብቅበታል፣ ከዳዶው ሥር ደግሞ ታጥፎ የሚቆልፍ ሮንዴላ አለ። የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ባለ 27 ዳዶ ነው። የሱዙኪ ቪስትሮም 650 ባለ 32 ነው፤ ፋብሪካው አጥብቁ የሚለውም በ145 ኒውተን ሜትር ነው። ለማነጻጸር ያህል የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። እንግዲህ ከመኪና ጎማ ይበልጥ የጠበቀ ዳዶ ለዓመታት ጭቃና የሰንሰለት ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ነው እጃችሁ የሚደርሰው። ምሳሌዎቼን በብዛት ከቪስትሮሙ እወስዳለሁ፤ ዘዴው ግን ለሁሉም ይሠራል።

በእርግጥ ነክሷል ወይስ ተቆልፏል?

«ነከሰ» ከሚባለው ዳዶ ብዙው አልነከሰም። ቁልፉ አልተከፈተም። ሽፋኑ ሲነሳ ቦታው በጥቁር ቅባትና አሸዋ ስለሚሞላ የታጠፈው ሮንዴላ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ አጽዱ። በካቻቢቴ ፋቁት፣ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ቆይቶ እሳት ሊያስፈልግ ይችላል።

ንጹህ ሲሆን በመብራት በደንብ እዩት። የሮንዴላው ጠርዝ በአንድ ወይም በሁለት በኩል ወደ ዳዶው ጎን ተጠግቶ ታጥፎ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ሞተሮች ሮንዴላ የላቸውም፤ የዳዶው ስስ አንገት በመዶሻና በመምቻ ወደ ዘንጉ ቦይ ተመትቶ ገብቷል። ሁለቱም ቀድመው መነሳት አለባቸው። ሮንዴላውን በስስ መሮ ከዳዶው ጎን ቀስ ብላችሁ አላቁ፣ ከዚያ ተኝቶ እስኪስተካከል ምቱት። ግማሽ ብቻ ተነስቶ ከቀረ ሶኬቱ እስከ ታች አይገባም፤ ጠርዝ የሚበላውም እንዲህ ነው። ወደ ቦይ የገባ አንገት ከሆነ በሹል መምቻ ከቦዩ ወደ ውጭ አውጡት። ለዚህ አሥር ደቂቃ ብታጠፉ አይቆጫችሁም።

ፊሌቶው ወደየት እንደሚዞርም አረጋግጡ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘመናዊ ሞተር ላይ እንደ ተራ ብሎን ወደ ግራ ይፈታል። ለየት የሚሉ አሉ፤ የእንግሊዙ ኖርተን ኮማንዶ የካምቢዮ ስፕሮኬት ዳዶ ግራ ፊሌቶ ነው፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይፈታል። የማታውቁት አሮጌ ሞተር ከሆነ ከዳዶው ወጣ ያለውን የዘንግ ጫፍ እዩ። የፊሌቶው ዝንባሌ ከተለመደ ብሎን ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ይለያል።

ሰንሰለቱን አትቁረጡ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። አዲስ ሰንሰለት ተገዝቷል፣ አሮጌው ይጣላል፣ ስለዚህ ግራይንደር ይነሳና ቁርጥ። ከዚያ በኋላ ስፕሮኬቱን ከኋላ ጎማው ጋር የሚያያዘው ነገር የለም፤ ዳዶው ሲገፋ ስፕሮኬቱ አብሮ ይዞራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ዳዶው ይላላ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ይውጣ። የኋላ ጎማውም ከዳዶው በፊት አይውጣ።

አስቀድማችሁ ቆርጣችሁት ከሆነ አሮጌው ሰንሰለት አሁንም ይጠቅማል። ቁራጩን ስፕሮኬቱ ላይ ጠምጥማችሁ ሁለቱንም ጫፍ ወፍራም የብረት ዘንግ ላይ በብሎን ብታስሩት መያዣ ይሆናል። ዘንጉን መሬት ላይ ወይም ጠንካራ የፍሬም ክፍል ላይ ታስደግፋላችሁ። የአሉሚኒየሙ የኢንጂን ቤት ላይ ግን በፍጹም አይደገፍ። እዚያ ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ ከስፕሮኬት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ትክክለኛው መጠን ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት ያስፈልጋል። ባለ አሥራ ሁለቱ ለቀላል ሥራ ደህና ነው፤ እዚህ ግን ጠርዝ ይበላል። ከተቻለ ለኢምፓክት (እየመታ ለሚፈታ ማሽን) የተሠራው ጥቁሩና ወፍራሙ ይሁን። 32 ቁጥር በየሰፈሩ ጋራዥ ላይገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሶማሌ ተራ ብትጠይቁ ይሻላል፤ የጭነት መኪና የሚሠሩ ጋራዦችም ትልልቅ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ መሣሪያ የሚያከራይ የመለዋወጫ ሱቅ ፈልጉ።

ባለ ግማሽ ኢንች ጠንካራ እጀታ ያዙ። ራቼት አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ጥርስ ይሰበራል። እጀታው ላይ የሚገባ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሆነ የውሃ ቧንቧ፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ አጭር ሞራሌ፣ ጥቂት ጨርቅ፣ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ፣ ሁለት ጡብ። የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። አዲስ ሮንዴላና ከተቻለ አዲስ ዳዶ ቀድማችሁ ግዙ፤ ዳዶውን መቁረጥ ግድ ቢሆን ሞተሩ ቆሞ አይቀርም።

ሽፋኑን ማውጣት

የማርሽ መርገጫው መንገድ ከዘጋ ይወጣል። ከማውጣታችሁ በፊት ዘንጉና መርገጫው ላይ በአንድ መስመር ነጥብ ምቱ ወይም ቀለም ቀቡ። አለበለዚያ ሲመለስ አንድ ጥርስ ዘሎ ይገባና እግራችሁ ሥር አይገኝም።

በአንዳንድ ሞተሮች የፍሪሲዮኑ መግፊያ በዚህ ሽፋን በኩል ያልፋል። ሽፋኑ ተነስቶ እያለ የፍሪሲዮን ማንሻውን ማንም እንዳይጫን፤ እጀታው ላይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ልጆች በአጠገቡ ያልፋሉና። ዘንጉ ጫፍ ላይ የፍጥነት ሴንሰር የሚያነበው ትንሽ ክብ ነገር ከተገጠመም አውጥታችሁ ንጹህ ቦታ አስቀምጡ። ሴንሰሩን በመዶሻ ነክቶ መስበር ቀላል ነው።

ሲመለስ ግራ እንዳይገባችሁ አሁኑኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሽፋኑ ብሎኖች ብዙ ጊዜ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት።

ዘይቱን ስጡት፣ ከዚያ ጠብቁ

የተጋለጠውን ፊሌቶ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገቱ ካልተጠረገ ዘይቱ መግቢያ አያገኝም። ዝገት የሚያላላ ዘይት ዳዶውና ዘንጉ የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ከኋላም ዳዶውና ሮንዴላው መሃል አንጠባጥቡ። በየተወሰነ ሰዓቱ ድገሙና ቢቻል አሳድሩት።

አሴቶንን ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር እኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙ አሉ። ጥሩ ይሰርጋል። ግን አሴቶን ጎማ ያበላሻል፣ ከስፕሮኬቱ ኋላ ደግሞ ዘይት የሚያግደው ኦይል ሲል አለ። ኦሪንግ (ትናንሽ የጎማ ቀለበት) ያለው ሰንሰለትም በአጠገቡ ነው። በጠብታ ካልሆነ በቀር አልመክርም። እሳት በሚነካበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አይነሳ።

ዘይቱ ፊሌቶው ላይ እየሠራ እያለ በመዶሻ የዳዶውን ጎኖች ቶክ ቶክ እያደረጋችሁ አንዴ ዙሩት። አትምቱት፣ አንቀጥቅጡት ነው የምለው። ንቅናቄው የዝገቱን ሽፋን ይሰነጥቃል። የዘንጉን ጫፍ ፊት ለፊት መምታት ግን ክልክል ነው። ምቱ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ኩሽኔታ ይሄዳል።

አያያዙ፦ የሥራው ልብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቪስትሮሙ ፊት 15፣ ኋላ 47 ጥርስ አለው። ስለዚህ ዳዶው ላይ የምታሳርፉት ኃይል ኋላ ጎማው ጋር ሲደርስ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ግትር ዳዶ በ290 ኒውተን ሜትር ይፈታል እንበል፣ የፋብሪካው ሁለት እጥፍ ማለት ነው። የኋላ ጎማው እንዳይዞር የሚይዘው ነገር ወደ 900 ኒውተን ሜትር መቋቋም አለበት። አንድ ሰው እግሩን ፍሬን ላይ ጣል አድርጎ ስልኩን እያየ ይህን አይይዝም። ጎማው ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ እናንተ ደግሞ «ዳዶው ነቅነቅ አለ» ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ዳዶውና ዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተከፈለ ተፈታ፤ አብሮ ከዞረ አያያዙን አስተካክሉ።

ካምቢዮውን ብቻ ማርሽ አስገብቶ መያዝ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፣ ጥሩም አይደለም። ያ ሁሉ ኃይል በማርሾቹ ጥርስ አልፎ ኢንጂኑን ለማዞር ይሄዳል። አንደኛ ማርሽ እንደ ተጨማሪ እርዳታ ይግባ፤ ዋናው ጭነት ግን በሰንሰለቱ አልፎ ፍሬኑና ጎማው ላይ ይረፍ።

እንዲህ አድርጉ። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ሁለቱም ጎማው መሬት ነክቶ ይቁም። የመሃል መቆሚያ ላይ አታውጡት፤ ጎማው በአየር ላይ ሲሆን መያዣ ያጣል። ሰንሰለቱ የላላ ከሆነ ትንሽ አጥብቁት። የላላ ሰንሰለት ኃይሉን በድንገት ይቀበላል፣ ስፕሮኬቱ ላይም ሊዘል ይችላል። የኋላ ፍሬኑን መርገጫ በቀበቶ ጠፍንጋችሁ እሰሩ፣ ወይም ጠንከር ያለ ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ በሙሉ ክብደቱ ይርገጥ። ሰው ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ክብደቱም ሞተሩን ያረጋጋል።

ከዚያ የፊት ጎማውን ከፊት በኩል በጡብ ዝጉት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ስፕሮኬቱ በግራ በኩል ከሆነ ዳዶው የሚፈታበት አቅጣጫ ጎማው ወደ ፊት ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር አንድ ነው። ፍሬኑ ከተንሸራተተ ሞተሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የጎን መቆሚያው ይታጠፋል፣ ቀሪውን ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ፍሬኑ አልይዝ ካለ ሞራሌው ይምጣ። ቸርኬው ወጥ አሉሚኒየም ከሆነ ሞራሌውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎማው ክንዶች መሃል አሳልፉና የኋላው ሹካ ላይ እንዲደገፍ አድርጉ። ከመሃል ይልቅ ወደ ቸርኬው ዳር ይጠጋ፤ ዳር ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። የፍሬን ዲስኩንና የኤቢኤስ ቀለበቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቸርኬው የሽቦ ከሆነ ግን ሞራሌ አታስገቡ፣ ሽቦው ይጣመማል። በሽቦ ቸርኬ ላይ ፍሬን፣ አንደኛ ማርሽና የተቀመጠ ሰው በአንድ ላይ ይሁኑ። ሰንሰለቱና ስፕሮኬቱ መሃል ካቻቢቴ ወይም ብረት መሸጎርም የለም፤ ጥርስ ይሰብራል፣ የኢንጂኑን ቤት ይሰነጥቃል።

መግፋት

ሶኬቱ እስከ ታች መግባቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። በግራ በኩል ላለ ስፕሮኬት እጀታውን ወደ ሞተሩ ፊት አዙሩትና ወደ ታች ተጫኑ። ክብደታችሁ ይሠራል፣ ወገባችሁ ይተርፋል። በቀኝ ከሆነ እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ታች ነው። ማራዘሚያ ዘንግ ካስገባችሁ ጫፉን በጡብ ወይም በክሪክ ደግፉ፤ አለበለዚያ ሶኬቱ ይዘምና ጠርዝ ይበላል።

አትርገጡት፣ አትዝለሉበት። ክብደታችሁን ቀስ እያላችሁ አሳርፉና ያዙት። ብዙ ጊዜ ዳዶው ወዲያው ሳይሆን ተጭናችሁ ከቆያችሁ በኋላ ነው የሚሸነፈው። ሲሸነፍ ጧ! ይላል፣ ሰው ያስደነግጣል። ቧንቧውን የያዘው ሰው ከእጀታው መስመር ጎን ይቁም፣ ጣቶቹም በቧንቧውና በመሬቱ መሃል አይግቡ።

እምቢ ካለ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርጋችሁ መልሱ። ዝገቱን ለመስበር አንዳንዴ ይሠራል። ከተፈታ በኋላ ሩብ ዙር ሄዶ እንደገና ከጠነከረ አታስገድዱት። መልሱት፣ ዘይት ስጡት፣ እንደገና ፍቱ። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ዝገቱ እየታጠበ ነው። በአንድ ትንፋሽ ልፍታው ካላችሁ የዝገቱ ዱቄት ፊሌቶውን ይጠርበዋል።

የባትሪ ኢምፓክት ካገኛችሁ ይህ ሁሉ ይቀልላል። ኢምፓክቱ እንደ ቧንቧው አይገፋም፣ በአጭር በአጭር ይመታል። ስፕሮኬቱ ራሱ ክብደት ስላለው ለእያንዳንዱ ምት ቶሎ አይዞርም፣ አያያዙም ያን ያህል አይጨንቅም። ፍሬኑ ግን አሁንም ይያዝ። ጥቂት ሰከንድ መትታችሁ አርፉ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ድገሙ። ያለ ማቋረጥ መደብደብ ሶኬቱንም ዳዶውንም ያግላል እንጂ ብዙ አይጠቅምም።

ሙቀት

ቀድሞ የሠራው ሰው ቀይ የብሎን ማጣበቂያ ቀብቶበት ከሆነ ዘይት አይረዳውም። ቀዩ ማጣበቂያ የሚለቀው ወደ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። በተራ ዝገትም ቢሆን ሙቀት ይረዳል፤ ዳዶው ከዘንጉ ቀድሞ ይሰፋል።

ከእሳት በፊት ቦታውን በሚገባ አድርቁ። የረጨችሁት ዘይትና ማጽጃ በሙሉ ይጠረግ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ነክቶት ከሆነ እሳት አታስጠጉ፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የነዳጅ ቧንቧ መፍሰስ አለመፍሰሱን እዩ። ሥራው ደጅ ይሁን፣ የእሳት ማጥፊያ ወይም እርጥብ ጆንያ አጠገብ ይቀመጥ።

በሂት ጋን ጀምሩ። ካልበቃ ትንሽ የጋዝ ችቦ፤ የብየዳ ኦክስጅን አያስፈልግም። ኦሪንግ ያለውን ሰንሰለት በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ነበልባሉን የዳዶው ጎኖች ላይ ብቻ እያዟዟራችሁ አሙቁ፣ ዘንጉና የኢንጂኑ ቤት ላይ አታቁሙት። ቀለሙን እዩ፦ የተፋቀ ብረት ወደ 220 ዲግሪ ሲጠጋ ገለባ የመሰለ ቢጫ ይሆናል፣ ወደ 300 ሲደርስ ሰማያዊ። ለዝገት ቢጫው ይበቃችኋል፤ ለቀዩ ማጣበቂያ ከቢጫው ትንሽ አለፍ በሉ፤ ሰማያዊ ካያችሁ ግን አልፋችኋል። ሳይበርድ ሶኬቱን አስገቡና ወዲያውኑ ግፉ።

የጠጋው ኦይል ሲል ይህን ሙቀት ላይወድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ይቀየራል። ርካሽ ነው፣ በብዙ ሞተሮች ላይም ከውጭ ይወጣል። ወጪውን አስቡበትና ግቡበት።

ጠርዙ ከተበላ ወይም ምንም ካልሆነ፦ መቁረጥ

ዳዶው ክብ ከሆነ ወይም ሁሉም ነገር ካልሠራ ዳዶውን መሥዋዕት አድርጉ። ዳዶ ይገዛል። ዘንጉ ከተጎዳ ግን ኢንጂኑ ተከፍቶ መቀየር አለበት። ስለዚህ እዚህ ላይ ችኮላ አያዋጣም።

የኢንጂኑን ቤት፣ ኦይል ሲሉንና ሰንሰለቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ብልጭታውና የብረት ዱቄቱ የትም እንዳይገባ ነው። ትንሽ መቁረጫ ዲስክ ያለው መሣሪያ ተጠቀሙ፤ ትልቁ ግራይንደር ቦታው ስለማይበቃው ስህተት ያስከትላል። በዳዶው አንድ ጠፍጣፋ ጎን ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ የዘንጉን አቅጣጫ ተከትላችሁ ቁረጡ። ፊሌቶውን ልትነኩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ። በየጥቂቱ አቁማችሁ ጥልቀቱን እዩ፤ ዘንጉ በሚታይበት በኩል ካለው የዳዶው ውፍረት ጋር እያነጻጸራችሁ።

ዲስክ ከሌለ ትራፓኖ ይሆናል። በጎኑ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ተራ በተራ ትናንሽ ቀዳዳዎች ቦርቡሩ፣ ፊሌቶው ጋር ሳትደርሱ። ከዚያ ስለታም መሮ ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ በአጭሩ ምቱ። ዳዶው ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ብዙ ጊዜም በእጅ ይዞራል። መሮውን ከፊት ሳይሆን ከጎን ዳዶው ወደሚፈታበት አቅጣጫ ብትይዙት ምቱ ዳዶውንም ያዞረዋል።

መልሶ ማሰር

ፊሌቶውን በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጽዱ። አዲሱን ዳዶ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት። በጣት ካልገባ በመፍቻ አታስገቡት፤ የተጎዳ መስመር አለ፣ በትንሽ ሞረድ ይስተካከል። ስፕሮኬቱ የሚቀመጥባቸውን የዘንጉን ጥርሶችም እዩ። ተበልተው ስል ከሆኑ አዲስ ስፕሮኬትም ይጨዋወታል።

ስፕሮኬቱ ፊትና ኋላ አለው። አንዳንዱ በአንድ በኩል የጎማ ቀለበት ወይም ወጣ ያለ አንገት አለው፤ ያወጣችሁትን ፎቶ ተመልከቱ። ሰንሰለቱ፣ የፊቱና የኋላው ስፕሮኬት በአንድ ላይ ይቀየሩ። አሮጌ ሰንሰለት አዲስ ስፕሮኬትን ቶሎ ይበላዋል።

አዲስ ሮንዴላ አስገቡ። አንዴ የታጠፈ ጆሮ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሰንሰለቱን አስገብታችሁ፣ በኋላ ፍሬን ይዛችሁ፣ በመመሪያው ቁጥር አጥብቁ። ቁጥሩ የሞተራችሁ ይሁን፤ የሰው ሞተር ቁጥር አትውሰዱ። ቶርክ መፍቻ (የሚያጠብቀውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌላችሁ የሻንጣ ሚዛን ይሠራል። ከዳዶው መሃል 50 ሳንቲ ሜትር ላይ እጀታው ላይ ሚዛኑን አንጠልጥሉና ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ ማዕዘን ሠርታችሁ ሳቡ። ሚዛኑ ወደ 30 ኪሎ ሲያሳይ 145 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናችሁ። ለሌላ ቁጥር ኒውተን ሜትሩን ለ5 ብታካፍሉ በዚሁ ርዝመት ኪሎውን በቅርቡ ታገኛላችሁ። እጀታው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ጎን ይሳብ፣ የራሱ ክብደት እንዳያሳስት።

በአየር መፍቻ እስኪበቃው ማጥበቅ የሚወድ መካኒክ አለ። አመሰግናለሁ በሉት፣ ግን የመጨረሻውን ማጥበቅ ራሳችሁ በእጅ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ይህን ጽሑፍ የሚያስነብበው እሱ ነው።

በመጨረሻ የሮንዴላውን ጆሮ ከዳዶው ጠፍጣፋ ጎን ጋር እስኪለጠፍ እጠፉት። ጠርዝ ላይ ከመጣ ትንሽ አጥብቃችሁ ጎን አግኙ እንጂ አታላሉት። ዳዶውና ዘንጉ ላይም እንደገና የነጭ ቀለም መስመር አስምሩ። ሴንሰሩን፣ ሽፋኑን፣ የማርሽ መርገጫውን በምልክቱ መልሱ። ፍሪሲዮኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫኑና መመለሱን እዩ፣ ሰንሰለቱንም በትክክለኛው ልክ አላሉት። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ሽፋኑን ክፈቱና ጆሮው እንደታጠፈ፣ የነጭ ቀለሙ መስመርም እንዳልተከፈለ አረጋግጡ።